ከጥቁር ውሃ እስከ ሎቄ

«ለመላው የሐዋሳ ከተማ ነዋሪ፦ የከተማችን የሰላምታ ጽሕፈት ቤት ካካሄደው ሰፊ ጥናት በኋላ፣ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ የሚጠያየቁት ‹እንዴት ነህ› ከአራት ወደ ሦስት ዝቅ እንዲል መወሰኑን በታላቅ አክብሮት ያበስራል። አራተኛው ‹እንዴት ነህ› ለሐዘንተኛ፣ ለአራስና ከባሕር ማዶ ለተመለሰ ሰው ብቻ ይፈቀዳል። ውሳኔው ከዛሬ መስከረም 8 ቀን 2097 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ይሆናል።»

ማስታወቂያው በሁሉም ጆሮ በአንድ ጊዜ ተነገረ። ዳንጊሶ የሰማው አንድ እግሩን ካልሲ ውስጥ አስገብቶ የሌላኛውን ካልሲ ሲፈልግ ነው። ማንም አልተደናገጠም። ቁርስ ሳያልቅ ከተማው በሙሉ ለመደው። አረብ ሰፈር ያሉ አንዳንድ ሽማግሌዎች ግን በር ዘግተው አራተኛውን ይጠያየቃሉ የሚል ሐሜት ወዲያው ተነሣ።

ዳንጊሶ የጥርስ ሐኪም ረዳት ነው። ቆሻሻ ሊጥል ሲወጣ ጎረቤቱን አገኘው። ጆሮው ውስጥ ያለችው ሹክታ፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ነገር ናት፣ «ስለ ጉልበቱ ጠይቀው» አለችው። ጠየቀው። የጎረቤቱ ሹክታ «ተሽሎኛል፣ ስለጠየቅከኝ አመሰግናለሁ በለው» አለችው። አለው። ሁለቱም ፈገግ ብለው ተለያዩ። ጎረቤቱ እያነከሰ ሄደ። ዳንጊሶ ቆሻሻውን ጣለ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ አልነበረም። የዛሬ ስንትና ስንት ዓመት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ማኅበራዊ ክህሎት የሚያስተምሩ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ሰላምታ እንዴት እንደሚሰጥ፣ ተራ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ሰው ሲያዝን ምን እንደሚባል በሥዕልና በጨዋታ ያለማምዱ ነበር። ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ልጁ ዓይን ማየት ካልፈለገ ግንባር ይይ ይሉ ነበር። ችግሩ የመጣው ልጆቹ ሲመረቁ ነው። ከሌላው ሰው ሁሉ ጨዋ ሆነው ተገኙ። የሌሎች ልጆች ወላጆች «የኛስ?» አሉ። ቀጥሎ መሥሪያ ቤቶች፣ ቀጥሎ ሹማምንቱ፣ በመጨረሻም አማቶች ሥልጠና ገቡ። ሥልጠናው ለሰው ሁሉ ሲበዛ መምህር አነሰ፤ መምህር ሲያንስ ሹክታ ተፈለሰፈች። እና ሁሉም ሰው ምን ማለት እንዳለበት ከጆሮው መስማት በጀመረበት ዘመን፣ ሥልጠናው ሲጀመር ታስበው የነበሩት ልጆች ብቻ አስቸጋሪ ተባሉ። ሹክታዋን አይሰሟትማ። ወይም ይሰሟታል፤ ግን አያምኗትም።

የዳንጊሶ ልጅ ትርንጎ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። የምትናገረው በሰው ቃል ነው፤ በአንድ ሰው ቃል። ሕፃን ሳለች እንቅልፍ የሚወስዳት ባቡር ውስጥ ብቻ ስለነበር፣ አባቷ ደረቱ ላይ አስተኝቷት ከጥቁር ውሃ እስከ ሎቄ፣ ከሎቄ እስከ ጥቁር ውሃ ሲመላለስ ይውል ነበር። በዚያን ጊዜ ጣቢያዎቹን የሚጠራው ድምፅ የእውነተኛ ሰው ድምፅ ነበር፤ ወፈር ያለ፣ ትንፋሽ ያለበት፣ «በደህና ግቡ» ከማለቱ በፊት ሁልጊዜ አንዴ የሚያስል። ትርንጎ አምስት ዓመት ሲሞላት ጽሕፈት ቤቱ ያ ሳል ለተሳፋሪ ክብር አይመጥንም ብሎ ድምፁን በሌላ ተካው። አዲሱ ድምፅ እንደ ማር ነው። አይተነፍስም።

ትርንጎ ግን የድሮውን ያዘች። መሄድ ስትፈልግ «በሮቹ ሊዘጉ ነው» ትላለች። ሰው ሲበዛባት «እባካችሁ የሚወርዱትን አስቀድሙ» ትላለች። ከነወፍራምነቱ፣ ከነትንፋሹ፤ ከዚያች ቀጭን አንገት የሽማግሌ ድምፅ ሲወጣ የማያውቃት ሰው ዞር ብሎ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ባለፈው ፋሲካ ጎረቤት ዶሮ ቀርቦላት «ብዪ እንጂ፣ በሞቴ» ሲሏት፣ በሥልጠናው መሠረት ሦስት ጊዜ «በቃኝ» ብላ በአራተኛው መብላት ሲገባት፣ ሳህኑን በእጇ ገፋ አድርጋ «ይህ ባቡር አገልግሎት አይሰጥም» አለች። ዳንጊሶ ሳቁን ለመዋጥ ሽንት ቤት ገባ።

የዛሬው ቀን ግን አያስቅም። ዛሬ ትርንጎ ትፈተናለች። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ ይፈተናል። ያለፈ እንደማንኛውም ሰው ሹክታውን ሲፈልግ አድርጎ ሲፈልግ አውልቆ ይኖራል። የወደቀ ሐብል ይደረግለታል። ስሙ በይፋ «የትሕትና ሐብል» ነው፤ ሰፈርተኛው ልጓም ይለዋል። አንገት ላይ ይታሰርና ተገቢ ያልሆነ ንግግር ከጉሮሮ ሳይወጣ ያስቀረዋል፤ በምትኩ ተገቢውን ራሱ ይናገራል፣ እንደ ማር በሆነ ድምፅ። አይወልቅም። እንደ ትርንጎ ላሉት «አስተጋቢ» ልጆች ደግሞ ሕጉ አንድ ቀዳዳ ትቷል፦ በፈተናው ለቀረበላቸው ጥያቄ ከማንም ሰምተው ያልያዙትን አንድ፣ አንድ ብቻ፣ የራሳቸውን ዐረፍተ ነገር ከመለሱ ከሐብሉ ይድናሉ። ትርንጎ በአሥራ ሁለት ዓመቷ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ተናግራ አታውቅም።

«እኔ አልሄድም» አለች እናቷ ስንዱ፣ የሐይቅ ጀልባ ነጂ ናት፣ ጫማዋን እያሰረች። «ሄጄ ሰው ከምመታ።»

«ሹክታሽ ምን አለችሽ?»

«‹መልካም ዕድል በያቸው› አለችኝ።» ትርንጎን ግንባሯ ላይ ሳመቻት። «የኔ እናት፣ የፈለግሽውን በያቸው።»

«የልጆችን እጅ እንያዝ» አለች ትርንጎ በወፍራሙ ድምፅ።

ስንዱ ፊቷን አዙራ ወጣች።

የፈተናው ርዕስ ለቅሶ ነበር። ለሳምንታት ቤት ውስጥ ተለማምደውታል። ዳንጊሶ የስንዱን ነጠላ ተከናንቦ ሐዘንተኛ ይሆንና ሶፋው ላይ ይቀመጣል፤ ትርንጎ በበሩ ትገባለች፤ ጎንበስ ትላለች፤ «እግዜር ያጥናችሁ» ማለት አለባት፤ ከዚያ ዳር ላይ ቁጭ። ምን ሆኖ ሞተ ብሎ መጠየቅ የለም። ንፍሮ ሲመጣ መዝገን የለም፣ እስኪለመን። ትርንጎ መግባቱን፣ ማጎንበሱንና መቀመጡን ተካነችበት። አፏን ስትከፍት ግን የጣቢያ ስም ነው የሚወጣው፤ ወይ መናኸሪያ ወይ ፒያሳ።

በባቡር ሄዱ። ማሩ ድምፅ ጣቢያ በጠራ ቁጥር ትርንጎ ጆሮዋን በመዳፏ ትደፍናለች። አቶቴ ሲደርሱ ወረዱ።

እዚህ ላይ የሆነውን ነገር ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። የፈተናው ጽሕፈት ቤት የራሱ ድንኳን የለውም። የሚከራየው ከሰፈሩ እድር ነው፤ ድንኳኑንም፣ አግዳሚ ወንበሩንም፣ የንፍሮ ትሪውንም። ትናንት አመሻሽ ላይ እዚያው መንገድ ላይ ሰው ሞተ። እድሩ ሁለተኛውን ድንኳን ከፈተናው ድንኳን ፊት ለፊት ተከለ። አንድ ዓይነት ሸራ፣ አንድ ዓይነት አግዳሚ። በአንደኛው ውስጥ በደንብ የሚያለቅስ አሻንጉሊት ተቀምጧል። በሌላው ሰዎች።

ፈታኟ መምህርት ሕያብ መንገዱ መሃል ቆማ ጠበቀቻቸው። ወጣት ናት፤ እጇ ላይ የመዳፍ መስተዋት የምታህል የንግግር መለኪያ ይዛለች። ከዳንጊሶ ጋር ሦስት ጊዜ እንዴት ነህ ተባባሉ። አራተኛው ሁለቱም ከንፈር ላይ መጥቶ ተመለሰ።

«በይ ትርንጎ፣ ወደ ድንኳኑ ግቢ» አለች መምህርቷ። የትኛው እንደሆነ አልጠቆመችም። እሷ ስትመጣ አንድ ብቻ እንደሚኖር ነበር የምታውቀው፤ ሁለት ስታይ ሹክታዋን ጠየቀች፤ ሹክታዋ «ተረጋጊ» ብቻ አለቻት።

ትርንጎ ቆመች። ከግራው ድንኳን የአሻንጉሊቱ ልቅሶ ይሰማል፣ የተስተካከለ፣ ከፍ ዝቅ የሚል። በቀኙ በር ላይ አንድ ጠና ያለ ሰው የሚመጣውን ሁሉ «ግቡ፣ ግቡ» ይላል። ትርንጎ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትንሽ አዳመጠች። ከዚያ ወደ ቀኙ ገባች።

አባቷና መምህርቷ ተከትለዋት ገቡ።

ውስጥ ለቀስተኛው ተራ በተራ ሐዘንተኛዋ ፊት እየቀረበ ጎንበስ ይላል። «እግዜር ያጥናችሁ። ደግ ሰው ነበሩ። አይተኬ ናቸው።» የሚቀጥለውም፦ «እግዜር ያጥናችሁ። ደግ ሰው ነበሩ። አይተኬ ናቸው።» በአንድ ዜማ፣ በአንድ ዓይነት ስብራት። ሐዘንተኛዋ፣ የሟች እህት እትዬ አበቡ፣ ለሁሉም «አሜን» ትላለች። ዓይኗ ደረቅ ነው። በየመሃሉ የገዛ ሹክታዋ «አሁን ማልቀስ ተገቢ ነው» ስትላት ከንፈሯን ለመጠምዘዝ ትሞክራለች፣ አልሆነላትም፣ ትተወዋለች።

መምህርት ሕያብ የማዶው አሻንጉሊት ለሌላ ተፈታኝ፣ ይህቺ ሴት ደግሞ ለትርንጎ የተመደበች ተዋናይ መሰለቻት። ወደ እትዬ አበቡ ጠጋ ብላ «ይቅርታ፣ ትንሽ ወደ ብርሃኑ ዞር ይበሉልኝ፤ ፊትዎ ለተፈታኟ አይታይም» አለቻት።

እትዬ አበቡ ዞር አለች። ሹክታዋ ዞር በይ ብላት ነበር።

ትርንጎ ጎንበስ አለች። ዳር ላይ ተቀመጠች፣ አባቷ ባስተማራት መንገድ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ። ዳንጊሶ አጠገቧ ተቀመጠና በሆዱ «እግዜር ያጥናችሁ፣ እግዜር ያጥናችሁ፣ በያት በናትሽ» አለ። ፊት ለፊቱ አንድ ጎረምሳ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። ዳንጊሶ አየው። የፈተና ለቀስተኛ አፍንጫው አይፈስም። ተሳስተናል ሊል አፉን ከፈተ።

ትርንጎ ቀደመችው።

«ጥቁር ውሃ» አለች። «እንደምን አደራችሁ። በሮቹ ሊዘጉ ነው። የልጆችን እጅ እንያዝ።»

ወፍራም። ከነትንፋሹ።

የእትዬ አበቡ እጅ ላይ የነበረው የውሃ ብርጭቆ ወደቀ። መምህርት ሕያብ መለኪያዋ ላይ ቀዩ መብራት ሲበራ አይታ «ማስተጋባት» ብላ አጉረመረመች። ዳንጊሶ ልጁን ሊያነሣ ከመቀመጫው ተነሣ። አጠገቡ የነበሩ ሽማግሌ የእጁን አንጓ ጨብጠው ያዙት። እጃቸው እንደ ጉጠት ነበር።

«ቁጭ በል አንተ ሰውዬ።»

«አባባ፣ ልጄ ናት፣ ይቅርታ፣ አላወቀችም…»

«ቁጭ በል አልኩህ። ይሄ የቡሪሶ ድምፅ ነው።»

«ማን ቡሪሶ?»

«የሞተው ነዋ! የባቡሩ ቡሪሶ። ለማን ለቅሶ መጣህና?»

በዚህ ጊዜ በድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሹክታዎች በሙሉ ያልተለመደ ነገር መከሰቱን አውቀው አንድ ምክር ሰጡ። ድንኳኑ በሙሉ፣ ከሐዘንተኛ እስከ ንፍሮ አዳይ፣ በአንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ሹክታዎቹም ከዚያ ወዲያ የሚሉት ጠፋቸው።

በር ላይ የነበረው ሰው፣ የሟች ወንድም አቶ ገነሞ ነው፣ ገብቶ ትርንጎ ፊት ቆመ። ሲናገር ዳንጊሶ ለምን ወደዚህ እንደገባች የገባው መሰለው፤ የሰውየው ድምፅ የዚያው ድምፅ ዘመድ ነበር። «ጽሕፈት ቤቱን ያንን ድምፅ ስጡን ብለን ለምነናል» አለ አቶ ገነሞ፣ ለማንም ሳይሆን። «ባለፈው ወር፣ ወንድሜ አልጋ ላይ ሳለ። አንድ ቅጂ፣ ለልጆቹ። ‹ተሰርዟል› አሉን።» ከዚያ ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከትቶ ሹክታውን አወጣና ኪሱ ውስጥ ጨመራት። መሬት ላይ፣ ትርንጎ እግር አጠገብ፣ ቁጭ አለ።

ትርንጎ ዝም አለች። ዳንጊሶ ያበቃ መሰለው። ግን አላበቃም። ከጥቁር ውሃ እስከ መናኸሪያ ባቡሩ የሚፈጅበትን ጊዜ ያህል ነበር ዝም ያለችው።

«መናኸሪያ። እባካችሁ የሚወርዱትን አስቀድሙ።»

ደግሞ ዝምታ። ረዥም። ከውጭ የአሻንጉሊቱ ልቅሶ ይሰማል፤ የሚያዳምጠው የለም። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው ሹክታውን አወለቀ። ሌላው አወለቀ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ምናልባትም ከዓመታት ወዲህ ማንም ያላዘዛቸውን ነገር ሲያደርጉ የመጀመሪያቸው ነው። ሸራው በሐይቁ ነፋስ ይተነፍሳል። ፒያሳ ተጠራ። ከፒያሳ ወደ አረብ ሰፈር ሲኬድ ሐዲዱ ወደ ግራ ይጠመዘዛል፤ እዚያ ቦታ ላይ ትርንጎ ወደ ግራ ዘንበል አለች። ዳንጊሶ አብሯት ዘንበል አለ። ቀና ብሎ ሲያይ አግዳሚው በሙሉ፣ ለቀስተኛው በሙሉ፣ ነፋስ እንደመታው የማሽላ ማሳ ወደ ግራ ዘምሟል። ከዚያ ሁሉም እኩል ቀና አለ።

እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ሰዎቹ እየተጓዙ ነበር። አንዲት ሴት ዘንቢሏን ወደ እግሯ ሰበሰበች። አንድ ትልቅ ሰው በሌለ መስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። ያ አፍንጫውን በእጅጌው ይጠርግ የነበረው ጎረምሳ ጭንቅላቱን ከኋላው ባለው የድንኳን ምሰሶ ላይ አስደግፎ፣ ልጅ ሆኖ እንደተኛ ሰው፣ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያች ትንሽ ደረት የሚወጣው የሞተ ሰው ድምፅ ነበር፤ ግን ሳይቸኩል፣ ሥራው ላይ እንዳለ ሰው፣ እያንዳንዱን ጣቢያ በስሙ ይጠራ ነበር።

«አቶቴ።»

የዳንጊሶን አንጓ የያዙት ሽማግሌ እጃቸውን ለቀቁ። ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ «እዚህ ነኝ» ብለው ወጡ። ማንም አልሳቀም። አንድ ሁለት ሰው እግሩን ሰብስቦ አሳለፋቸው።

መምህርት ሕያብ መለኪያዋን ወደታች አድርጋ እንደያዘች ቆማለች። ቀዩ መብራት ቀሚሷ ላይ ይብለጨለጫል። ሹክታዋ መዳፏ ውስጥ ነበረች፤ መቼ እንዳወጣቻት አላወቀችም።

አላሙራ ታለፈ። ከዚያ የመጨረሻው ዝምታ መጣ፣ ከሁሉም የረዘመው፣ እና ማንም አልተነቃነቀም።

«ሎቄ» አለች ትርንጎ። «የመጨረሻው ጣቢያ ነው። አብራችሁን ስለተጓዛችሁ እናመሰግናለን። ዕቃችሁን እንዳትረሱ።»

አሳለች። ያችን ሳል።

«በደህና ግቡ።»

እትዬ አበቡ ጮኸች። ማንም ያላስጠናት ጩኸት ነበር፤ ዜማ የለውም፣ ተገቢነት የለውም። «ቡሪሶዬ! ለአገሩ ሁሉ በደህና ግቡ ስትል ኖረህ አንተን ማን ይበልህ! ማን ይበልህ ወንድሜ!» ደረቷን መታች። ድንኳኑ ተከተላት። ሁሉም በየራሱ፣ አንዱ በፉጨት፣ አንዱ በሳግ፣ አንዱ በሳቅ በሚመስል ነገር፤ በጣም የተዘበራረቀና በጣም ትልቅ ድምፅ ሆነ። ዳንጊሶም አለቀሰ፤ ለማያውቀው ሰው፣ ወይም በዚያ ሰው ድምፅ ስር ልጁን ደረቱ ላይ ላስተኛባቸው ቀኖች ሁሉ። ትርንጎ ጆሮዋን በመዳፏ አልደፈነችም።

ውጭ ሲወጡ ፀሐይዋ በረታ ብላለች። አቶ ገነሞ እስከ በሩ ሸኛቸው። «ሰልስቱ ላይ ትመጣለች?» አለ፤ ቀጠለና «ባትናገርም ግድ የለም፤ ትምጣ» አለ። ከመንገዱ ማዶ አሻንጉሊቱ ብቻውን ያለቅሳል።

«አቶ ዳንጊሶ» አለች መምህርት ሕያብ። ያለ ሹክታ ስትናገር ቃላቱን ወለል ላይ እንደተበተነ ዶቃ እየለቀመች ነበር። «እኔ… ምን እንደምልዎት… ሴትየዋን ዞር ይበሉ ብያቸዋለሁ እኮ። ሐዘንተኛዋን!»

«ብለሻታል» አለ ዳንጊሶ።

«ይሄ የያዝኩት ነገር ግን አያለቅስም። ቀይ ነው። ከሰማችው ውጭ አንድ ቃል አልተናገረችም።» መለኪያውን አሳየችው። «አንድ ጥያቄ መጠየቅ እችላለሁ። አንድ ነው የቀረኝ። የራሷን ካልመለሰች ከሰዓት በኋላ ሐብሉን ይዘው ይመጣሉ። ያንን ድምፅ ነው መጀመሪያ የሚዘጉት።»

ዳንጊሶ ትርንጎ ፊት ተንበረከከ። ምን ይበላት? ሹክታው «አበረታታት» አለችው። እጇን ብቻ ያዘ።

«ትርንጎ» አለች መምህርቷ። «ሁለት ድንኳን ነበር። ለምን ወደዚህኛው ገባሽ?»

ከትርንጎ ጆሮ ውስጥ ለፈተናው ያደረገችው የተማሪ ሹክታዋ ቀጭን ድምፅ ይሰማ ነበር፤ «ስላዘንኩላቸው ነው በይ። ስላዘንኩላቸው ነው በይ።» ትርንጎ አወጣቻት። እንደ ተበላ የፍሬ ዘር አየቻትና አባቷ መዳፍ ውስጥ አስቀመጠቻት። ወደ ድንኳኑ ተመለከተች። ወደ ሐዲዱ ተመለከተች። ዳንጊሶ «በሮቹ ሊዘጉ ነው» እስክትል ጠበቀ።

«አልናገርም» አለች።

ቀጭን ነበር። ሻከር ያለ፣ ብዙ ጊዜ እንዳልተከፈተ በር። ዳንጊሶ አሥራ ሁለት ዓመት አብሯት ኖሮ ያንን ድምፅ ሰምቶት አያውቅም። ስንዱን ይመስል ነበር፤ ትንሽ እሱንም። ጉልበቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

መለኪያው አረንጓዴ በራ።

መምህርት ሕያብ መብራቱን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ ደግማ መብራቱን አየች። መሄድ ትችል ነበር፤ ሥራዋ አልቋል። ግን ጎንበስ አለች፣ እንደ ፈታኝ ሳይሆን፣ የምር ለማወቅ እንደጓጓ ሰው። «እሺ፣ አልፈሻል፤ ጨርሰናል። ይሄን ለራሴ ነው የምጠይቅሽ። እንዴት አወቅሽ? ለምን እዚህ?»

ትርንጎ ግንባሯን አየቻት።

«አልናገርም አልኩ።»